በበረዶ ወራት ወደ ኤልኮቹ ሜዳ

በምዕራብ አሜሪካ የምትኖሩና ልጆች የምታሳድጉ ባለትዳሮች፣ የበረዶውን ወራት ቤት ዘግታችሁ አትጨርሱት። ከሶልት ሌክ ሲቲ አምስት ሰዓት ያህል ከነዳችሁ ዋዮሚንግ ውስጥ ጃክሰን የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከከተማዋ ዳር የሚጀምረው 10,000 ሄክታር ያህል ሜዳ ብሔራዊ የኤልክ መጠለያ ይባላል። ኤልክ ከአገራችን አጋዘን የሚገዝፍ የዱር እንስሳ ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

እኔና ባለቤቴ ይህን ጉዞ ሦስት ክረምት አስተላልፈነዋል። እሱ ሌሊት ይሠራል፣ እኔ ቀን፤ የመኪና ቁልፍ የምንቀባበለው በር ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ኑሮውን ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ ሁለታችንም ሁለት ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድን።

ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ትኬት ቆርጣችሁ፣ ሁለት ግዙፍ ፈረሶች በሚጎትቱት በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ትሳፈራላችሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢያችሁን ያዙ። ነጂው አስቀድሞ የሚነግራችሁ እንዳትነሱ ነው። ኤልኮቹ ጋሪውን ለምደዋል፤ ሰው ወርዶ ሲራመድ ካዩ ግን ይበረግጋሉ። ስለዚህ አራታችን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። ትልልቆቹ ወንዶች ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ይወጣል። ሁለቱ ተነሥተው ቀንዳቸውን ሲያጋጩ ድምፁ የደረቀ እንጨት ይመስል ነበር።

የአጋዘናችንና የባሌው የደጋ አጋዘን ቀንድ ዕድሜ ልክ አይወልቅም። የኤልክ ግን በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ግድም ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። በጃክሰን አደባባይ አራቱ ማዕዘናት ላይ በወደቁ ቀንዶች የተሠሩ ቅስት በሮች ቆመዋል።

ትንሹ ልጃችን በመንገድ ላይ «ምግብ የሚሰጣቸው ከሆነ፣ የዱር ናቸው ወይ?» አለን።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኤልኮቹ ከተራራ ወርደው ይከርሙበት የነበረውን ሸለቆ ሰፋሪዎች ለከብት እርባታ ያዙት፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በከባድ ክረምት ብዙ ሺህ ኤልኮች በረሃብ አለቁ። መጠለያው የተቋቋመው በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በብዙ ክረምቶች የተጨመቀ የአልፋልፋ መኖ ይሰጣቸዋል። ነገር ግን አንድ ላይ ተፋፍገው ሲበሉ በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአጎራባቹ ግራንድ ቲተን ፓርክ በአንዲት ኤልክ ላይ አንጎልን የሚጎዳ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ተገኝቷል።

ባለቤቴ «የተራበ እያዩ ማለፍ አይሆንም» አለ። እኔ ደግሞ «ቤቱን ወስደህበት ምሳ ብትልክለት ምን ይጠቅመዋል?» አልኩት። እሱ መለሰ፣ እኔ መለስኩ። ልጆቹ ከኋላ ወንበር አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ እኔ እያዩ ያዳምጡን ነበር፤ ዩታ ስንገባም ገና አልጨረስንም።