ግማሽ ጠመኔ

የአራተኛ ክፍል መምህራችን አዲስ ጠመኔ ሲያወጡ መጀመሪያ ቀጭ አድርገው ለሁለት ይሰብሩታል። በግማሹ ይጽፋሉ፣ ግማሹን ኮት ኪሳቸው ይከታሉ። ቁጠባ ይመስለን ነበር። ለካ ሙሉ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጮኻል፤ የተሰበረው ነው ጸጥ ብሎ የሚጽፈው። ይህን ያወቅሁት እኔው ራሴ ባስተማርኩባት አንዲት ዓመት ነው፤ ስለዚያች ዓመት ሌላ የምለው የለኝም።

ጠመኔውን ያስታወሱኝ ኬንያዊው ዊልሰን ሶሲዮን ናቸው። መምህር ነበሩ፤ ኋላም የአገሪቱን የመምህራን ማኅበር በዋና ጸሐፊነት መሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርድ ቤት ለመምህራን ከ50 እስከ 60 በመቶ ጭማሪ ፈረደ፤ መንግሥት ገንዘቡ የለኝም አለ፤ መምህራኑ ሥራ አቆሙና ትምህርት ቤቶቹ አምስት ሳምንት ያህል ጠመኔ አጡ። እኛ ዘንድ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራንና ባለታክሲዎች ባንድ ቀን ሥራ ሲያቆሙ የሚነቃነቅ ዙፋን ነበረን። ኬንያ ዙፋን ስላልነበራት ነገሩ በችሎት ተገታ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሰውየው ፓርላማ ገቡ። የኬንያ ሕገ መንግሥት ለወጣቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሠራተኞች ድምፅ እንዲሆኑ ፓርቲዎች የሚያጩባቸው 12 ወንበሮች አሉት፤ በአንዱ ላይ ተቃዋሚው ፓርቲ አስቀመጣቸው። የሠራተኛ ድምፅ፣ በፓርቲ ወንበር። የማኅበሩን ጸሐፊነትም አልለቀቁም። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ እንደማይወጣ በስዋሂሊ የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ። በ2019 መምህራንን የሚቀጥረው ኮሚሽን ስማቸውን ከመምህራን መዝገብ ፋቀ፤ በዚያው ግብግብ ማኅበሩ ከ100 ሺህ በላይ አባል አጣ። በ2021 አጋማሽ ጸሐፊነቱን ተዉት።

እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ፓርላማ አፈ ጉባኤው ሲጠይቅ አባላቱ ባንድ ላይ ጮኸው «አዎ» ወይም «አይ» ይላሉ። ዕድሜ ልኩን «ገባችሁ?» ሲል የኖረ ሰው ከመላሾቹ መካከል ተቀመጠ ማለት ነው። ያልገባውም እኮ «አዎ» ይላል፤ እንዲያውም ከሁሉ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

የኛ መምህር «አዎ፣ ቲቸር!» ስንል አንድ ቀን እንኳ አምነውን አያውቁም። እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ይሰዱና፣ ያችን ግማሽ ጠመኔ አውጥተው፣ አንዱን በስሙ ይጠሩታል። ብዙውን ጊዜ እኔን።