ስለ ቀለህና ስለ አያት ሣንቃ

ቁጠባ ቤትን የሚያቆም ምሰሶ መሆኑን የማያውቅ ባለ ትዳር የለም። ነገር ግን ጥቂት ብር ተርፎበት ዋጋው በነፍስ የሚከፈል ቁጠባም አለ። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በምንኖርባት በጅጅጋ ከልጃችን ጋራ ያደረግነው ክርክር ነው።

ልጃችን በውጭ አገር ያሉ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የተተኰሰውን ቀለህ እየሰበሰቡ በቤታቸው እንደ ገና እንደሚሞሉት አንብቦ፥ «አባባ፥ የአያትዎ ሣንቃ በጓዳ ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ ቢፈቅዱልኝ በጥቂት ገንዘብ የጥይት መሙያ ገበታ ላድርገው» ሲል ለመነን። እኛም ልጅ ሲጠይቅ በቍጣ መመለስ አይገባም ብለን፥ ነገሩን በታሪክ፥ በሒሳብና በሕግ ከፍለን አስረዳነው።

ስለ ታሪኩ የልጃችን አሳብ መሠረት አለው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. በፈረንሳይ የወጣው፥ በአገራችንም ውጅግራ ተብሎ የታወቀው ጠመንጃ፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ጥይቱ ከናስ ቀለህ፥ ከጥቁር ባሩድና ከእርሳስ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ባዶው ቀለህ ተሰብስቦ ዳግመኛ ሊሞላ ይችል ነበር። ጥይቱም በብዙ አውራጃ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ገንዘብ ሆኖ ይመነዘር ነበርና፥ ገንዘብ የሆነውን ነገር ማን ይጥለዋል?

አያታችን በ1928 ዓ.ም. ወደ ኦጋዴን ከዘመቱት አንዱ ነበሩ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር፥ ከደገሐቡር በስተደቡብ ባለችው በጉናጋዶ፥ የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጦር ቱርካዊው ወሂብ ፓሻ ባዘጋጀው ምሽግና በዋሻ ውስጥ ሆኖ የግራዚያኒን ሠራዊት ተቋቋመ። ጠላት በአውሮፕላንና እሳት በሚተፋ መሣሪያ ሲመጣበት፥ የወገን ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ፥ የአንዱም ጥይት ለሌላው የማይሆን ነበር። ታላላቆቹ መንግሥታትም ከጦርነቱ በፊት መሣሪያ እንዳይሸጥልን ከልክለው ነበር። እንግዲህ ቀለህ መልቀም ያን ጊዜ ግድ ነበር። አያታችንም ሣንቃውን ሲያሳዩን፥ «ይህን ሥራ ችግር አስተማረን፤ ችግሩ ሲሄድ ሥራውም ይሂድ» ይሉን ነበር።

ወደ ሒሳቡ ስንመለስ፥ የዛሬ ጥይት አራት ክፍል አለው፤ ቀለህ፥ በግርጌው ያለችው እሳት ጫሪ፥ ባሩድና ዐረሩ ናቸው። ከአራቱ ተመልሶ የሚያገለግለው ቀለሁ ብቻ ሲሆን፥ ዋጋውም ስለሚከብድ የሥራው ትርፍ ሁሉ ከእርሱ ይመጣል። ገበታው ከአሮጌ ሣንቃ ቢሠራ ርካሽ ነው። ነገር ግን ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልስ መጭመቂያ፥ ርዝመቱን የሚያሳውቅ መለኪያ፥ አንዱን ግራም ከመቶ በላይ አድርጎ የሚከፍል ሚዛንም ያስፈልጋል። ይህን ገዝቶ የሚያተርፍ በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠር ጥይት የሚተኵስ ሰው ነው፤ ቤቱን ለመጠበቅ ጠመንጃ የሰቀለ ሰው ግን ወጪውን በዕድሜው ሙሉ አይመልሰውም። ደግሞም ዛሬ ያለው ጢስ አልባ ባሩድ በጥቁሩ ባሩድ ስፍር ቢሰፈር፥ ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ያፈነዳዋል። ምድጃ በሚነድበትና ሕፃናት በሚሮጡበት ቤት እንዲህ ያለውን ነገር ማኖር፥ ጠላትን በእንግድነት እንደ መቀበል ነው።

ስለ ሕጉ፥ በችሎት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ስለ ሆንን ብዙ መናገር አላስፈለገንም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከፈቃድ ውጭ መሣሪያና ጥይት መሥራትን ይከለክላል። ይህ ሥራ በአምቦ አቅራቢያ እንዳለው እንደ ሆሚቾ ያለ የመንግሥት ፋብሪካ ሥራ ነው። ልጃችን፥ «ቀለሁንስ ከጉናጋዶ ሜዳ ብለቅመው?» ቢለን፥ የጦር ሜዳ በነበረ መሬት ያልፈነዳ ነገር ተቀብሮ ሊገኝ ስለሚችል፥ ያየውን ሳይነካ ለፖሊስ እንዲያመለክት አዘዝነው።

ሣንቃው ግን አልተጣለም። ልጃችን ዛሬ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግንበታል። የአያታችንንም ሥርዓት አውርሰነዋል፤ ይኸውም በገበታው ላይ አንድ ሥራ ብቻ ማኖር፥ በሥራ ጊዜ ወሬ አለማውራት፥ ሲጀምሩም ሲጨርሱም ዕቃን መቍጠር ነው። ባሩድን የያዘ እጅ ይህን ጥንቃቄ በግድ ተማረ፤ የሰዓት መዘውር የሚይዝ እጅም ይጠቀምበታል።

እናንተም ክቡራን አንባቢዎች፥ ከአባቶቻችሁ የቀረ አሮጌ ጥይት በየጓዳችሁ ቢገኝ፥ ልጆች ሳያገኙት ለሚመለከተው ሹም አስታውቁ። ታሪኩን ግን ለልጆቻችሁ ሳትነግሩ አትለፉ፤ ባሩዱ ከቤት ቢወጣም የአባቶች ድካም በቤት ሊቀር ይገባዋልና።