ጳጉሜን የማያውቅ ውል

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን በአንድ ዶርሚተሪ የምንኖር ተማሪዎች፣ ትምህርታችን ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ቢሆንም የማታ ክርክራችን ከኮምፒዩተር አይርቅም። ሰሞኑን ያከራከረን ስልካችንና ሩቅ ያለው ሰርቨር የሚነጋገሩበት ውል ነው።

ነገሩን በአገራችን ገበያ መመሰል ይቻላል። ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ «ሦስት ስጠኝ» ብሎ ዝም ለሚል ሰው እህል አይሰፈርለትም፤ ሦስት ቁና ይሁን ሦስት ጣሳ፣ ገብስ ይሁን ስንዴ መናገር አለበት። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ጠያቂውና ሰርቨሩ የሚላላኩት ሁሉ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ ወይም ቀን፣ ዓይነቱ አስቀድሞ በውል ይጻፋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የለቀቀው ፕሮቶኮል በፈርስ፣ ፌስቡክም በ2015 የከፈተው ግራፍኪውኤል እንዲህ ያለ ውል የሚጻፍባቸው ናቸው። ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ስም ቢገባ መርማሪው ስሕተቱን ቶሎ ይይዘዋል። ይህን ጥቅም ማንም አይክድም።

ነገር ግን ዓይነቱን የወሰነው ማን ነው? ከመካከላችን አንዱ፣ የስማዳው ልጅ፣ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን ነው። በአንድ የምዝገባ ገጽ ላይ ወሩን በአገራችን አቈጣጠር ሊመርጥ ቢል ወሮቹን ዐሥራ ሁለት ብቻ ሆነው አገኛቸው። ቢቸግረው ነሐሴ 30 ብሎ ሞላ፤ ገጹም አመስግኖ ተቀበለው። ኋላ ምዝገባው ከልደት ማስረጃው ጋር አልስማማ ብሎ ስንት ቀን ደጅ ጠና! እውነት ሲነግሩት የሚከለክል፣ ሐሰት ሲነግሩት የሚያመሰግን ውል ምን ውል ይባላል?

ሰዓትም እንዲሁ ነው። አንድ የእስቴ ሰው «3:00» ብሎ ቢጽፍ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ሰርቨሩ ግን ከእኩለ ሌሊት የሚቈጥር ከሆነ፣ እኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ የምንለውን አድርጎ ይይዘዋል። ሁለቱም ሰዓት ናቸውና መርማሪው አንዳች ስሕተት አያይም፤ ቀጠሮው ግን አለፈ። እንግዲህ ዓይነት የሚጠብቀው በውሉ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ያልተጻፈውን ፍቺ ሊጠብቅ አይችልም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በውሉ ላይ «ቀን» ብቻ በማለት ፈንታ «በኢትዮጵያ አቈጣጠር የሆነ ቀን» ይባል፤ ወሩም እስከ 13 ይፈቀድ፤ ጳጉሜን አምስት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን መሆኗ ይመዝገብ፤ ሰዓቱም ከየት ተነሥቶ እንደሚቈጠር ይነገር።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህ የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን አንለፈው። የቃልን ፍቺና የዘመንን አቈጣጠር የምንማር እኛ ነን። ውሉ ሲጻፍ ከአጠገባቸው እንቀመጥ፤ ከተጻፈ በኋላ የሚደርስልን የደጅ ጥናቱ ብቻ ነውና።