የሬይነር ቢች መዋኛ

ወዳጄ፣ ሲያትልን የሚያውቅ ሁሉ የሚያወራልህ ስለ ዝናቧ ነው። እኔ ግን ከተማዋን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የክሎሪን ሽታ ነው። በአንድ እጄ ትንሹን ልጄን፣ በሌላው ፎጣና ሙዝ የታጨቀበትን ፌስታል ይዤ ሬይነር ጎዳና ላይ ከ7 ቁጥር አውቶቡስ እወርዳለሁ። የድሮውን የሬይነር ቢች መዋኛ በር ስገፋው ያ ሽታ ከሙቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀበለኛል፣ መነጽሬም በእንፋሎት ይሸፈናል። ከዚያ የልጆች ጩኸት፣ የአሠልጣኟ ፊሽካ፣ የእርጥብ እግር ኮቴ። ልጄ ይዘላል፤ እኔ ካፖርቴን እንደለበስኩ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ሐበሻዋም፣ ሶማሊዋም፣ ቬትናማዊቷም እንደዚያው ነበርን። ልጆቻችንን ለውሃ ሰጥተን እኛ በደረቁ እንውላለን።

ለምን እንደማንገባ ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ እኛም እርስ በርሳችን አንጠያየቅም ነበር። የእኔው ምክንያት ካዛንቺስ የቀረ ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍልውሃ ይዛኝ ትወርድ ነበር። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በዚያ ውሃ ምክንያት አይደል? እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት ባያሠሩ አዲስ አበባ የት ትሆን ነበር? ትኬት ቆርጠን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ እንፋሎቱ ውስጥ ስንገባ የእናቴ ፊት ይፈታል፤ ትከሻዋ ይወርዳል። ከቤት ውጭ እንደዚያ ስትዝናና ሌላ ቦታ አይቻት አላውቅም። ጊዮን ሆቴል ደግሞ ትልቅ መዋኛ ነበረው። የሰፈራችን ወንዶች ሳንቲም አጠራቅመው ይሄዱና ማታ ፀጉራቸው ረጥቦ፣ እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። እኔም ልሂድ ብዬ ብጠይቅ፣ «ሴት ልጅ ገላዋን ማን ፊት ነው የምትገልጠው?» ተባልኩ፤ በዚያው ቀረ። በዚያ ላይ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ያደገ ሰው፣ ውሃን መውደድና ውሃን መፍራት አብረው ነው የሚያድጉበት።

ሬይነር ቢች ደግሞ የዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ያለ ሰፈር ነው። በጋ ሲመጣ ልጆቹን ከሐይቁ የሚከለክላቸው የለም። ስለዚህ ዋና መማር ለእኛ ቅንጦት አልነበረም፤ የልጅ ነፍስ ጉዳይ ነበር። በፈረንጆች 1968 ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ ነዋሪ ፎርዋርድ ትረስት ለተባለው ዕቅድ ድምፁን ሰጥቶ በየሰፈሩ የሕዝብ መዋኛ እንዲሠራ አድርጓል። የእኛም ከዚያ ትውልድ ነበር። ከዕድሜው ብዛት ግን ደክሞ ነበር፤ አጠገቡ የነበረው ትምህርት ቤትም አዲስ ሕንፃ አግኝቶ ነበር። እናም አንድ ቀን በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። መዋኛውና የማኅበረሰብ ማዕከሉ ፈርሰው በአዲስ ሊተኩ ነው፤ ነዋሪው መጥቶ የሚፈልገውን ይናገር ይላል።

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የማውቀው ስብሰባ የቀበሌ ስብሰባ ነው። በደርግ ጊዜ አባቴ እሑድ ጠዋት ስሙ እንዳይመዘገብበት ብሎ ይሄዳል፣ የተወሰነውን ይሰማል፣ ያጨበጭባል፣ ይመለሳል። ያው አባቴ ቤት ውስጥ ለእኛ፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይለን ነበር። ተረቱን እየነገረን ራሱ ዝም ብሎ የኖረው እኛን ለማሳደግ መሆኑን አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። የሄድኩት ስለ እሱ ብዬም ጭምር ነው።

አዳራሹ በቡናና በእርጥብ ጃኬት ሽታ ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ የአዲሱ ሕንፃ ንድፎች ተሰቅለዋል፤ ደስ ባለን ላይ የምንለጥፋት ባለቀለም ክብ ወረቀት ለየእጃችን ተሰጠን። ክርክሩ የጀመረው በውሃው ሙቀት ነው። ርቀት የሚዋኙት ሰዎች 27 ዲግሪ ገደማ ይበቃናል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነታችን ይግላል አሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንቶችና ሕፃን ያቀፉ እናቶች ከ30 በላይ ካልሆነ አንገባም አሉ። አንድ ውሃ ሁለቱን ማስደሰት አይችልም። መፍትሔው ሁለት ገንዳ ነው፤ ሁለት ገንዳ ማለት ግን ሁለት ማጣሪያ፣ ብዙ ላይፍጋርድ፣ ብዙ ገንዘብ ነው። ለካ መዋኛ ማለት ጉድጓድና ውሃ ብቻ አይደለም! አርክቴክቷ ስለ አየሩም አስረዳችን። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነውና ጥሩ አየር ማውጫ ያስፈልጋል አለች። እኔ ግን ልጆቼ ያደጉበትን ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ከአጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት ነበሩ። በአስተርጓሚ በኩል፣ «እኔ ውሃ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን የማላውቀው ወንድ እያየኝ አይሆንም» አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። እኔም ተነሣሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መስታወቱ ሰፊ ከሆነ መጋረጃ ይኑረው፣ ልብስ መቀየሪያው በር ያለው ይሁን፣ በሳምንት ውስጥ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ይመደብልን፣ ላይፍጋርዷም ሴት ትሁን አልኩ። አንድ ሰውዬ በትሕትና፣ ያ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ላይ ነው የሚቀነሰው አለ። እውነቱን ነው፤ የሚቀነስ ነገር አለ። እኔም፣ «እኛ እስከ ዛሬ ሰዓት ኖሮን አያውቅም» አልኩት። ከዚያ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተነሥቶ መንሸራተቻ ካልተሠራ ጓደኞቼ አይመጡም ብሎ አሳቀን። እሱም እውነቱን ነበር።

አሮጌው ሕንፃ በፈረንጆች 2011 ፈረሰ። ስንጠብቅ የኖርንበት ጊዜ ቀላል አልነበረም። ልጆቻችንን በአውቶቡስ ወደ ሌላ ሰፈር ስናመላልስ፣ አጥሩን አልፈን ስንሄድ፣ በእርግጥ ይሠራ ይሆን ወይ ያላለ አልነበረም። አዲሱ በፈረንጆች 2013 ተከፈተ። ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ሁለት ገንዳ አለው። አንደኛው ለርቀት ዋናተኞች ባለ ሌይን ነው፤ ሁለተኛው ሞቅ ያለ፣ እንደ ሐይቅ ዳር በእግር ቀስ እያሉ የሚገቡበት። ለዚያ ተማሪም መንሸራተቻው ተሠርቶለታል።

የጠየቅነው ሁሉ በጠየቅነው ልክ አልሆነም፤ የሴቶች ሰዓት ግን መጣ። እኔም አስተማሪዋ ጀርባዬን ደግፋ፣ «ጆሮሽን ውሃው ውስጥ አስገቢው፣ አትፍሪ» ስትለኝ እናቴን አሰብኩ። ፍልውሃ ውስጥ ትከሻዋ እንዴት እንደሚወርድ ያን ጊዜ ገባኝ። እጇን መቼ እንደለቀቀችኝ አላወቅኩም፤ ተንሳፍፌ ነበር። ከዳር ሆነው ያዩ የነበሩት ባለ ነጠላዋ እናት እልል አሉ።

ይህን የማጫውትህ ስለ ገንዳ ውበት ብዬ አይደለም። ስደተኛ ባገኘው ነገር እያመሰገነ ጥግ መያዝ ይቀናዋል፤ አገሩ ላይ ያልተጠየቀ ሰው ሲጠየቅ ማመን ያቅተዋል። ያን ቀን እኛ ባንሄድ ኖሮም ሕንፃው መሠራቱ አይቀርም ነበር። ውሃው፣ ሙቀቱ፣ መንሸራተቻው ሁሉ ይኖር ነበር። እኛ ግን በአዲሱም ካፖርታችንን እንደለበስን አግዳሚው ላይ እንቀመጥ ነበር፤ የሠሩትም ሰዎች ለምን እንደማንገባ አያውቁም ነበር። ስለዚህ በሰፈርህ እንደዚያ ያለ ወረቀት ተለጥፎ ብታይ ሂድ። ቋንቋው ቢያስቸግርህ አስተርጓሚ ጠይቅ። እናትህንም ይዘሃት ሂድ፤ እሷ የምትለው አንተ ያላሰብከው ሊሆን ይችላል።