ጽጌረዳው የተነቀለበት ግቢ

እንግሊዝ አገር የአበባ ግቢ ለማየት ለመጣ ሰው ምርጫው ብዙ ነው። እኔ ግን ከለንደን ተነሥቼ በባቡር እስከ ራይ፣ ከራይም በአውቶቡስ ኖርዝያም ወደምትባለው የኢስት ሰሴክስ መንደር የወረድሁት አንድ ነገር በዓይኔ ለማየት ነው። እዚያ ግሬት ዲክስተር በሚባል ቤት ይኖር የነበረ ሰው፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖት ሳለ፣ ከወላጆቹ የወረሰውን የጽጌረዳ ግቢ ከነሥሩ አስነቅሎ ሙዝና ካና ተከለበት። ሰው በሸመገለ ቁጥር የለመደውን አጥብቆ ይይዛል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ይህ ሰው ታዲያ በዚያ ዕድሜው ለምን ለቀቀ?

ሰውየው ክሪስቶፈር ሎይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 እዚሁ ቤት ተወልዶ በ2006 ሞተ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ከካንትሪ ላይፍ መጽሔት ጋር ከ1963 ጀምሮ አርባ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ በየሳምንቱ ስለ ግቢው ይጽፍ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ አካፋ የያዘ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከውጭው በር እስከ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ግራና ቀኙ የሣር መስክ ነው። እንግሊዝ በቤቱ ፊት ያለውን ሣር እየላጨ ማኖር ይወዳል። እዚህ ግን ሣሩ ከመጋቢት ጀምሮ ሳይነካ ያድጋል፤ የሚታጨደው የዱር ኦርኪዶቹ ዘራቸውን ካራገፉ በኋላ፣ በነሐሴ ነው። ድርቆሹም እዚያው አይተውም፣ ይነሣል። ማዳበሪያ የሚባል ነገር አይደርስበትም፤ መሬቱ ከወፈረ ሣሩ ይበረታና አበባውን ያፍነዋል። የሎይድ የሣር መስክ ፍቅር የመጣው ከእናቱ ከዴዚ ሎይድ ነው። ክሮከስና ናርሲስ፣ አንገቱን የሚደፋውንም ፍሪቲላሪ፣ በሣሩ መሐል የተከለችው እሷ ናት። ለማያውቅ ሰው ባለቤት የሌለው ግቢ ሊመስለው ይችላል። ልጇ ግን ግቢውን ሁሉ ሲገለባብጥ ይህን መስክ አልነካውም፤ እንዲያውም አስፋፋው። በመስከረም አጋማሽ ስደርስ ሣሩ ታጭዶ፣ መስኩ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ቤቱ ራሱ የሦስት ዘመን ሥራ ነው። አባትየው ናትናኤል ሎይድ፣ በኅትመት ሥራ ሀብት ያፈራ ሰው፣ በ1910 ሲገዛው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የእንጨት ቤት ነበር። ቤተሰቡ ሰፊ ስለነበር ቤቱ አልበቃም። ያን ጊዜ ኤድዊን ሉቲየንስን ጠራ፤ በኋላ የኒው ዴልሂን ታላላቅ ሕንፃዎች የነደፈውን አርክቴክት። ሉቲየንስ ከጎረቤቱ ከኬንት፣ ቤነንደን ከምትባል መንደር፣ ሊፈርስ የነበረ የ16ኛ ክፍለ ዘመን ቤት እንጨቱ በሙሉ ተፈትቶ እንዲመጣ አደረገና ገጣጠመው። ሁለቱንም በራሱ አዲስ ሥራ አያያዛቸው። የትልቁን አዳራሽ ከፍታ ከፋፍለውት የነበሩትን ወለሎች ደግሞ አስነሣቸው። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የገባ ሰው ቀና ሲል ጣራውን የተሸከሙትን ግዙፍ የኦክ ምሰሶዎችና ወጋግራዎች ያያል።

እኔን ያስገረመኝ ግን ከታች ያለው ነው። እንዲህ ባለ ጥንታዊ ቤት ውስጥ የሚጠበቀው ጥንታዊ ወንበር ነው፤ እሱም አለ። ከጎኑ ደግሞ ክሪስቶፈር በራሱ ዘመን ሩፐርት ዊሊያምሰን ለተባለ እንጨት ሠሪ አዝዞ ያሠራቸው ዘመናዊ ዕቃዎች ተቀምጠዋል። ጠርዛቸው የተሳለ፣ ቅርጻቸው ማንንም የማይኮርጅ። አንዱ ላይ እጄን አሳረፍሁ። በአምስት መቶ ዓመት ምሰሶ ሥር ቆሞ አያፍርም፣ ምሰሶውንም አያሳፍርም። በአዲስ አበባ የድሮ ቤት ሲታደስ አንድም ሁሉን አፍርሶ በመስታወት መሥራት፣ አለዚያም ሁሉን የድሮ ለማስመሰል መድከም ይቀናናል። እዚህ ሦስተኛ መንገድ አየሁ፤ ሰውየው በቤቱ ውስጥ ይኖርበት ስለነበር የራሱን ጊዜ ጨመረበት።

ወደ ግቢው ልውጣ። ግቢውን በክፍል በክፍል የከፈሉት ዩ በሚባል፣ እንደ ጽድ ቅጠሉ በማይረግፍ ዛፍ የተሠሩ ወፍራም አጥሮች ናቸው። ይህ የአባትየው ፍቅር ነው፤ ዛፍን በመቀስ ስለመቅረጽ በ1925 መጽሐፍ አሳትሟል። ከአጥሩ በላይ ወፎች ቀርጾ አቁሟል። መጀመሪያ የተለያየ ዓይነት ወፍ እንዲሆኑ ታስበው ነበር። በየዓመቱ ሲከረከሙ ኖረው መልካቸው ተቀራረበና ዛሬ ሁሉም ጣዎስ ይባላሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሰዉ ምግብ ስለቸገረው አንዱ ሣር ተቆፍሮ አትክልት ተዘራበት፤ ከጦርነቱ በኋላ ናትናኤል በዚያው ቦታ፣ በ1923፣ መሐሉ ስምንት ማዕዘን ኩሬ ያለው ዝቅ ያለ ግቢ ሠራ። ሣር የነበረው ጎመን ሆነ፣ ጎመኑ ኩሬ ሆነ። ልጁ ያደገው እንግዲህ ግቢ ሲለወጥ እያየ ነው።

አሁን ወደ ጽጌረዳው። የድሮው የከብት በረት ቅጥር ውስጥ ሉቲየንስ የአበባ መደቦችን ነደፈ፤ ጽጌረዳ ተተከለበት፤ ሰማንያ ዓመት ገደማም ጽጌረዳ ሆኖ ኖረ። ነገር ግን ጽጌረዳ ረጅም ዘመን በኖረበት አፈር ላይ አዲስ ጽጌረዳ ቢተከል አይበረታም፤ አፈሩ ራሱ ታሟል ይላሉ አትክልተኞቹ። አንዱ ሲሞት በምትኩ የሚገባው እየቀጨጨ ይሄዳል። ሎይድ ይህን እያየ ዓመታት ታገሠ። ከዚያ ሌላ ቁጥቋጦውን አልወደደውም፤ አበባው በሰኔ ያምራል፣ ከሥሩ ያለው እሾሃም አጽም ግን ዓመቱን ሙሉ ይታያል። በ1993 ፈርገስ ጋሬት ከሚባለው፣ በእናቱ ቱርካዊ ከሆነ ወጣት ዋና አትክልተኛ ጋር ሆኖ ነቀለው። ጥቂት ጽጌረዳዎች ብቻ ቀሩ።

የተተከለው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። ዝናብ ጥቂት ቀደም ብሎ ጥሎ ስለነበር ከሙዙ ቅጠል ጫፍ የወረደ ውኃ አንገቴ ውስጥ ገባ። የጃፓን ሙዝ ነው፤ ፍሬው አይበላም፣ ቅጠሉን ነፋስ ሰንጥቆታል። በመሐሉ ቀይ ዳህሊያ፣ ብርቱካናማ ካና፣ ከሁሉም በላይ በቀጭን አገዳ የቆመ ቨርቤና የሚባል ሐምራዊ አበባ፤ ቢራቢሮ አይጠፋውም። ጥቂት ስሄድ ጉሎ አየሁ። ቅጠሉና ግንዱ ቀይ የሆነ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ጉሎ! ከጉሎው ሥር ጎደሬ። ዝቅ ብዬ የጎደሬውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ ጀርባውን አየሁ፤ ጅማቱ ያው እኛ አገር ወንዝ ዳር የማውቀው ነው።

እንሰትም የእንግሊዝ አትክልተኞች ወዳጅ ሆኗል። ቅጠሉ የሚቀላውን ዓይነት በተለይ ይፈልጉታል፤ አመዳይ ሳይመታው ነቅለው፣ መጋዘን ውስጥ አክርመው፣ ሙቀት ሲመለስ ያወጡታል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የአቢሲንያ ጉዞ መጽሐፉ እንሰትን ከነሥዕሉ አስተዋውቋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ተክሉን ስለ ቆጮና ቡላው ሳይሆን ስለ ቅጠሉ ወደዱት።

ወሊሶ ያለው የአክስቴ ግቢ ትዝ አለኝ። ጽጌረዳው ከፊት ነበር፣ እንግዳ በሚገባበት። ኮባውና ጉሎው ከማድቤት ጀርባ፤ ኮባው ለድፎ ዳቦ፣ የጉሎው ፍሬ ለምጣድ ማሰሻ። ማንም እንግዳ ወደ ጓሮ ተወስዶ ኮባ እይ አይባልም። ሎይድ ያደረገው፣ በእኛ ዓይን ካየነው፣ የማድቤት ጀርባውን ወደ ፊት አምጥቶ የፊቱን ማንሣት ነው። አብዛኛው የምርጫ ለውጥ እንዲህ ያለ ይመስለኛል። አዲስ ነገር ከሰማይ አይወርድም፤ ሁልጊዜ አጠገባችን የነበረና ክብር ያልሰጠነው ነገር አንድ ቀን ዓይናችን ይገባል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ኮባውን ሲያስነቅል ባየሁ ጊዜ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። ውበቱን አይቶ አልወደድሁትም ቢል ምርጫው ነው፤ እንደ ውበት አይቶት ግን አያውቅም።

ከዲክስተር ብዙም ሳይርቅ፣ በኬንት፣ ሲሲንግኸርስት አለ፤ ደራሲዋ ቪታ ሳክቪል ዌስት ከባሏ ጋር የሠራችው፣ በነጭ አበባ ብቻ በተተከለው ክፍሉ ዓለም የሚያውቀው። ያንንም አይቻለሁ፤ ጸጥ ያለ፣ የተመጠነ ነው። ሎይድ በቀለም እንዲህ መገደብን አይወድም ነበር። ብርቱካናማን ከሐምራዊ ሮዝ ጋር ያጋባል፣ ቢጫን መሐል ይጨምራል። ረጅሙ የአበባ መደብ ዳር ቆሜ መጀመሪያ ዓይኔን አደከመኝ። ቆይቼ ስመለከት ግን አበባዎቹን የሚያስታርቃቸው ከኋላ ያለው ቅጠል መሆኑን አየሁ፤ ጥቁር አረንጓዴው የዩ አጥር ባይኖር ኖሮ ቀለሙ ሁሉ ይበተን ነበር። የሲሲንግኸርስቱን ነጭ አደንቃለሁ፤ ልቤ ያለው ግን እዚህ ነው።

ሻይ የሚጠጣበት ቦታ አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር እየመጡ ጽጌረዳውን ያዩ እንደነበር ነገሩኝ። «የሚናፍቀኝ ሽታው ነው» አሉ። «ሙዝ ምን ይሸታል?» መልስ አልነበረኝም፤ እውነታቸውን ነው፣ ከዚያ ግቢ ሽታ ጠፍቷል። ጥቂት ቆይተው ግን ስለ ቤታቸው አወሩ። ወጣት ሳሉ ዳህሊያ የሚተክለውን ጎረቤት ደማቅ ይወዳል ብለው ይንቁት ነበር፤ በዚያ ዘመን ዳህሊያ መትከል እንደ ጨዋ አያስቆጥርም ነበር። አሁን መስኮታቸው ሥር ያለው ዳህሊያ ነው። መቼ እንደወደዱት ጠየቅኋቸው። አያውቁትም። አንድ መከር ላይ ሌላው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ ሲያብብ አዩትና ዘሩን ለመኑ።

ሎይድ ቤት ትመላለስ የነበረች ወዳጁም ልትነሣ ይገባል። ቤት ቻቶ የምትባለው አትክልተኛ በደረቁ ኤሴክስ፣ የመኪና ማቆሚያ በነበረ ኮረት መሬት ላይ፣ ውኃ የማይጠጣ ግቢ አበጀች፤ ድርቅ የሚችሉትን ብቻ መርጣ። የሁለቱ ግቢ አይመሳሰልም። የተጻጻፉት ደብዳቤ በ1998 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ እርስ በርስ ሲሟገቱ፣ አንዱ የሌላውን ተክል ወስዶ ሲሞክር ይታያል። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ብዙም አይለወጥም፤ የሚያከብሩት ሰው ሲሞግት ነው ዓይን የሚከፈተው።

ከሎይድ ሞት በኋላ ግቢውን የያዘው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ሥራውንም ፈርገስ ጋሬት ይመራል። ባለቤቱ በሞተበት ቀን እንደነበረ ማድረቅ ቀላሉ መንገድ ነበር። አላደረጉትም። ከሌላ አገር የመጡ ወጣቶች እየተማሩ ይተክላሉ፣ ይነቅላሉ፤ በበሩ ፊት የተደረደሩት የሸክላ ማሰሮዎች እንኳ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ይቀያየራሉ። የነፍሳትና የዕፅዋት ጥናት ሲደረግ ከጫካውና ከመስኩ ይልቅ ብዙ ዓይነት ሕይወት የተገኘው በአበባው ግቢ ውስጥ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የደረቀ አገዳና የበሰበሰ ግንድ እንደ ቆሻሻ ከመጥረግ ይልቅ ለንቦችና ለጥንዚዛዎች መኖሪያ ይተዉላቸዋል።

አመዳይ ከመምጣቱ በፊት ካናውና ዳህሊያው ከመሬት ይወጣል፤ የሙዙ ግንድ በፈርን ቅጠል ይጠቀለላል። ስለዚህ ያ ግቢ በየዓመቱ ባዶ ይሆንና በየዓመቱ ምን እንትከል የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሣል። ከመውጣቴ በፊት ጉሎው ሥር ሲያርም ያገኘሁትን ወጣት አትክልተኛ ለከርሞ እዚህ ቦታ ምን እንደሚተከል ጠየቅሁት። ለጊዜው ያልተወሰነ መሆኑን፣ እሱ ግን ጎደሬው ከጉሎው ጥላ ወጥቶ ፀሐይ ቢያገኝ እንደሚመርጥ ነገረኝ። እኔም ጎደሬ ውኃ የሚወድ ተክል መሆኑንና እኛ አገር ወንዝ ዳር እንዴት እንደሚያድግ እየነገርሁት፣ አውቶቡሱ እስኪደርስ አብረን ቆየን።