የአደራ ዓሦች

ጓደኛችን ወደ ካናዳ ሲሄድ ሦስት ነገር ትቶልን ሄደ፤ ክሩ የተበጠሰ ጊታር፣ ያልተከፈለ የመብራት ሂሳብ እና 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም። ጊታሩን ሰቀልነው። ሂሳቡን እያጉረመረምን ተካፍለን ከፈልነው። ስለ አኳሪየሙ ግን ሻንጣው ታክሲ ላይ ከተጫነ በኋላ ደረጃውን ተመልሶ ወጥቶ ‹‹ዓሦቼን አደራ!›› ብሎን ነው የሄደው። እንግዲህ በዚህ አገር ብዙ ስድብ ይቻላል፤ ‹‹አደራ በላ›› መባልን ግን ማንም አይችለውም።

እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ተከራይተን የምንኖር ሦስት ወንደላጤዎች ነን (በፊት አራት ነበርን)። አኳሪየሙ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥን መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ኒዮን ቴትራ የሚባሉ፣ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላቸው፣ ጣት የማያህሉ 8 ዓሦች ነበሩበት። ከታች ደግሞ አሸዋውን በጢማቸው እየዳበሱ የሚውሉ 4 ኮሪዶራሶች። የአራተኛ ፎቋ እትዬ መጀመሪያ ያዩዋቸው ቀን ‹‹ለፍልሰታ ነው የምታደልቧቸው?›› አሉን። ቀረብ ብለው አዩና ‹‹እነዚህስ ለወጥም አይሆኑ›› ብለው ተስፋ ቆረጡ።

ጥፋታችን የጀመረው ‹‹ድምቀት አነሰው›› ያልን ዕለት ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት ሦስታችንም ወደ አንድ ዓሣ መሸጫ ሄድንና መርካቶ ሸሚዝ እንደሚገዛ ሰው በቀለም መረጥን። 2 ጎልድፊሽ፣ መዳፍ የሚያህሉና ክንፋቸው የረዘመ 2 ኤንጅልፊሽ፣ እንደ ነብር የተዥጎረጎሩ 3 ታይገር ባርብ። ሻጩን ‹‹አብረው ይኖራሉ ወይ?›› ብለን አልጠየቅነውም። ዓሣ ከዓሣ ጋር ለምን አይኖርም?

የመጀመሪያው ሳምንት ሰርግ ቤት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ኒዮኖቹ 6 ሆኑ። ከዚያ 5። ሬሳ የለም፣ ደም የለም። መጀመሪያ የጠረጠርነው የጎረቤት ድመት ነበር። ቀጥሎ እርስ በርስ ተጠራጠርን፤ ‹‹ማታ ክዳኑን ከፍተህ የተውከው አንተ ነህ›› መባባል ተጀመረ፤ ከመካከላችን ሁለቱ ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ አብረው ቁርስ በሉ። ጉዳዩ የተገለጠው አንድ ሌሊት ጠፍቶ የቆየው መብራት ድንገት ሲመጣ ነው። አንደኛው ኤንጅልፊሽ ሰማያዊ ጅራት ከአፉ እንደተንጠለጠለ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ እዚሁ ልደታ ቅርባችን ነው፤ ችግሩ፣ ክሱ የሚመሠረተው በእኛ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርነው (እንደ አገራችን ወግ፣ ካለቀ በኋላ)። ኤንጅልፊሽና ኒዮን ሁለቱም ከአማዞን ተፋሰስ የመጡ ናቸው፤ በሙቀትም በውሃም ይስማማሉ። አፉ ውስጥ የሚገባለትን ትንሽ ዓሣ ግን ኤንጅልፊሹ የአገሬ ልጅ ብሎ አያልፈውም። እሱም ቢሆን ሰላም አላገኘም። ታይገር ባርቦቹ ረጅም ክንፉን እየነጩ የተቀዳደደ ነጠላ አስመስለውታል። ታይገር ባርብ የመንጋ ዓሣ ነው፤ 6 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጓተታል፣ 3 ብቻ ሲሆን ጠቡን ወደ ሌላው ያዞራል። እኛ ‹‹ጥቂት ከሆኑ አይረብሹም›› ብለን ነበር 3 የገዛነው።

የጎልድፊሾቹ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ኃጢአት ነው። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚወደው፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። እኛ ለኒዮኖቹ ብለን ማሞቂያውን 25 ላይ አድርገናል። ይሁንና ያጠፋው ሙቀቱ ብቻ አይመስለንም። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያራል፤ ከኩሱ አሞኒያ ይወጣል። ማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚበዙት ግን በሳምንታት ነው፤ እኛ በአንድ ቅዳሜ 7 እንግዳ ጨመርንባቸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማጣሪያውም አብሮ ይቆማል። አንድ ጠዋት አንዱ ጎልድፊሽ በጎኑ ተንሳፎ አገኘነው። (በዚህ ሁሉ መሃል አንድ የተባረከ ነገር ቢኖር የውሃ ፈረቃችን ነው። ውሃ በክፍት በርሜል ስለምናጠራቅም፣ ዓሣ የሚጎዳው የቧንቧ ክሎሪን ሳናስበው ይተንልን ነበር።)

ስናነብ ስናነብ ጣና ደረስን። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱም 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ አግዶ፣ እነሱ ሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው ኖሩ፤ አንዱ ዳር ዳሩን፣ ሌላው ጥልቁን ያዘ፣ አንዱ ነፍሳት፣ ሌላው ቅጠላ ቅጠል ይበላል። ‹‹ይኸው! 8 በላተኛ ይዞም ይኖራል!›› ብለን ልንጽናና ስንል አንዳችን ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚሰፋ አስታወሰን። በተቃራኒው ቪክቶሪያ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናይል ፐርች ተጨመረበትና፣ ምክንያቱ እሱ ብቻ ባይሆንም፣ በመቶ የሚቆጠሩ የሐይቁ ትናንሽ ዓሦች ጠፉ ወይም ተመናመኑ። ያው ናይል ፐርች እኛው ጫሞ ውስጥ ከቆሮሶው ጋር ከጥንት ጀምሮ ኖሯል። እኛ እንግዲህ በ60 ሊትር ቪክቶሪያን ነው የሠራነው።

ጓደኛችን እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውላል። ‹‹ዓሦቼን አሳዩኝ›› ሲል ‹‹ኔትወርክ አስቸገረ›› እያልን ሦስት እሑድ ሸወድነው። አንዳችን ‹‹5 ኒዮን ገዝተን ብንተካስ? አይለያቸውም›› አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ኒዮን ከኒዮን በእርግጥ አይለይም። ግን ገና አሞኒያው ያልጠራ ውሃ ውስጥ አዲስ ዓሣ መጨመር ሁለተኛ ግድያ ነው። እናም ተውነው። ኤንጅልፊሾቹንና ታይገር ባርቦቹን መሸጫው በግማሽ ዋጋ መልሶ ወሰደልን። የተረፈው ጎልድፊሽ አራተኛ ፎቅ እትዬ ዘንድ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ገባ፤ የአዲስ አበባ ብርድ ለእሱ ማሞቂያ አያሻውም። እትዬ አሁን ‹‹ልጄ›› ነው የሚሉት፤ ስለ ወጥ አንስተው አያውቁም።

በአራተኛው እሑድ ነገርነው። ዝም አለ። ዝምታው የኔትወርክ መስሎን ‹‹ሃሎ?›› አልን።

‹‹ስንት ቀሩ?›› አለ።

‹‹ሦስት። ኮሪዶራሶቹ አራቱም አሉ።››

‹‹እኔም መጀመሪያ የገዛኋቸውን ጨርሻቸው ነበር›› አለ ቆይቶ። ‹‹እናንተ ክፍለ ሀገር በነበራችሁበት ሰሞን ነው። ሌላ ገዝቼ ተካሁ።››

ተሳድበን ተሳሳቅን። ከዚያ ሦስቱን አቅርበን እንድናሳየው ጠየቀን። የሥራ ዕረፍቱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ቀርቶታል፤ እዚያ በአማርኛ የሚያወራው ሰው አጠገቡ እንደሌለ ቀደም ብሎ ነግሮናል። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግተን ያዝነው። ኒዮን ቁጥሩ ሲያንስ ይፈራል፤ ሦስቱም ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቀዋል። ኮሪዶራሶቹ አሸዋውን ያስሳሉ። በመስኮቱ ባቡር አለፈ፣ እሱም ‹‹ባቡሩ ነው?›› አለ፤ ‹‹አዎ›› አልነው። እጃችንን እየቀያየርን ስልኩን ይዘን ጠበቅን። አልወጡም። ዕረፍቱ አለቀና ዘጋ።

የወጡት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ቪዲዮ ቀርጸን ላክንለት።