ማን ነካው?

እኛ ቤት አንድ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ሳይሆን «ማን ነካው?» ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ፤ ማን ነካው? የምጣዱ ሶኬት ተቃጠለ፤ ማን ነካው? የእናንተን ቤት አላውቅም። ነፍሷን ይማርና እናቴ የጀበና ጆሮ ተሰብሮ ስታገኝ፣ ስብርባሪው ሳይለቀም ጥፋተኛው ይለቀም ነበር። እኔም ከእናቴ ቤት ወጥቼ፣ ተምሬ፣ ስንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምሬ፣ ፀጉሬ ገብስማ ከሆነ በኋላ እንኳ ይህቺን ጥያቄ እንደ ርስት ይዣት ኖሬያለሁ። ከእጄ ያስጣለኝ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ኮምፒዩተሩ ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሎኛል። ድሮ እንደ ብዙው የከተማችን ኮምፒዩተር በተቀዳ ዊንዶውስ ነበር የሚሠራው። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሼን ሰክቼ በተመለስኩ ቁጥር ቫይረስ ይዤ እገባለሁ፤ ፋይሎቼ ይሰወሩና በቦታቸው «ሾርትከት» የሚባል ባዶ ቀፎ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ማሽኑ እስኪነሣ ድረስ ደግሞ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ይደርሳል። ከደብረ ማርቆስ መጥቶ እኛ ዘንድ እየኖረ የሚማረው የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ ከረመና አንድ እሁድ «ጋሼ፣ ሊኑክስ ልጫንልዎት?» አለኝ።

«ስንት ነው?»

«ነፃ ነው።»

በነፃ የሚሰጥ ነገር አያስተማምነኝም። ልጁ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የሊኑክስን እምብርት፣ እነሱ «ከርነል» የሚሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ያኔ ለራሱ መዝናኛ ያህል ነበር። ከዚያ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በደቦ አሳደጉት። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይዘራል፣ አንዱ አረሙን ይነቅላል፤ ምርቱን የፈለገ ሁሉ ይወስዳል። እኔ ዘንድ የገባው ዓይነት «ኡቡንቱ» ይባላል፤ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የወጣው። ቃሉ ከእነዙሉ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሰብአዊነት ማለት ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚል ሐሳብ አለበት። እኛ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ከምንለው ብዙ አይርቅም። እስከ 2011 ድረስ ዲስኩን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ተማሪ በፖስታ ሣጥን አስመጥቶ ሲያሳየኝ «ምን ሊሸጡልህ ነው?» ብዬ አላግጬበታለሁ። ቀን ጣለኝና እኔም ከደጁ ደረስኩ።

ታዲያ ሊኑክስ አይታመምም እንዳትሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ዘለለ። «ማን ነካው?» አልኩ። ማንም አልነካውም። ልጁ ዊንዶውሱን ጨርሶ ሳያጠፋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ኖሯል። ሊኑክስ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ያነበዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አገር ቤት ሰዓት። በእኛና በዓለም አቀፉ ሰዓት መካከል ሦስት ሰዓት ስላለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገርኩ ቁጥር ሰዓቱ አብሮኝ ይሻገራል። ፈረንጅ «ሰባት ሰዓት» ሲለን «አንድ ሰዓት» ብለን ለምንሰማ ሰዎች ይህ አዲስ ጠብ አይደለም። በአንዲት ትእዛዝ ሊኑክሱ እንደ ጎረቤቱ እንዲያነብ ተደረገና ታረቁ።

ቀጥሎ ዋይፋዩ አልታይ አለ። «ማን ነካው?» ካርዱ ለካስ የፋብሪካውን የራሱን ሶፍትዌር ካላገኘ የማይሠራ ኩሩ ኖሯል። ሶፍትዌሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋዩ ያስፈልጋል። ልጁ ስልኩን በኬብል ሰክቶ ኢንተርኔት አበደረውና ተገላገልን። ሌላ ቀን ደግሞ ከአፕዴት በኋላ ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። አዲሱ ከርነል ከአሮጌው ማሽኔ ጋር አልተስማማም ነበር። ኡቡንቱ ግን አዲስ ሲያስገባ የቀድሞውን ወዲያው አይጥለውም። ልጁ ማሽኑ ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን መረጠና እንደ ወትሮው ተነሣ። አዲስ ሙሽራ ሲገባ አሮጌውን ጠጅ የማይደፋ ቤት ነው።

በእነዚህ ሁሉ ቀናት እኔ «ማን ነካው?» ስል ልጁ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?»

ማሽኑ ማለቱ ነው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ምን ይላል? እኔ ደግሞ «እኔ እንጃ፣ የሆነ ነገር ይላል» እለዋለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ያነባል፣ ያነበበውን በደብተር ይጽፋል፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀይርና ያያል። ሁለት ነገር በአንዴ ከተቀየረ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅም ይላል። ሰነፍ ተማሪ ሆኜ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ባበራው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ተግተልትሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች! እዚያ ውስጥ የዓመታት ጽሑፎቼ አሉ፤ እናቴ ሳትሞት የተነሣቻቸው ፎቶዎችም አሉ። ወደ ፍላሽ የገለበጥኩት መስከረም ላይ ነበር፤ ጊዜው ግንቦት ነው። ላብ አጠመቀኝ። ዓርብ ማታ ልጁ የትምህርት ቤት ሥራውን ሲሠራበት አይቻለሁ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ቡና ላይ ነበርን፤ ጎረቤቶችም ነበሩ። «ማን ነካው?» ብዬ ጀመርኩ። «እኔ ደህና አድርጌ ነው የዘጋሁት» አለ። አላስጨረስኩትም። እንዲህ አልኩ፦ «የሰው ቤት ዕቃ እንደ ራስህ ስትነካካ እንዲህ ነው የሚሆነው!»

ሲኒውን አስቀመጠ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ለምሳ አልመጣም። ለራትም አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ማታ ባለቤቴ መብራቱን ካጠፋች በኋላ በጨለማው ውስጥ «የሰው ቤት አልከው እኮ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ይህን ብላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔን ግን ሳይወስደኝ ነጋ።

እሁድ ጠዋት ብቻዬን ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። የምጠይቀው ሰው የለም። ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው ነጭ ጽሑፍ። «ጋሼ፣ ምን ይላል?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ተማሪዎቼ ግጥም ስሰጣቸው ገና ሳያነቡ የገጣሚውን ጋብቻና ፖለቲካ ሊተነትኑልኝ ይነሡ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ጽሑፉ ምን ይላል?» እላቸው ነበር። እንግዲህ ስንት ዓመት የደሞዝ እንጀራዬ የነበረችው ጥያቄ፣ የራሴ ቤት ስትመጣ አላወቅኋትም።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ጽሑፉ ምን ቢል ጥሩ ነው? ፋይሎቹ የተመዘገቡበት ሰነድ ተዛብቶ አገኘሁት፤ ምርመራውን በእጅህ አካሂድ ይላል። የትኛው የዲስክ ክፍል እንደታመመ ስሙን ጽፏል። የምርመራውንም ትእዛዝ፣ ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ የሚሉትን አራት ፊደላት፣ እዚያው አስቀምጦልኛል። መድኃኒቱ የበሽታው ስም አጠገብ ተጽፎ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቆኛል! አራቱን ፊደላትና የክፍሉን ስም ጻፍኩ። «ላስተካክል?» እያለ ይጠይቀኛል፤ «አዎ» እለዋለሁ። ጨረሰ። እንደገና አስነሣሁት። የእናቴ ፎቶም፣ ጽሑፎቼም ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። (ዕድለኛ ነበርኩ። ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ቢሆን ኖሮ፣ ከመጠገን በፊት ያለውን መገልበጥ ይቀድማል። ይህን ልጁ ነው ኋላ የነገረኝ።)

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን አመል ሆነብኝና ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ። ሊኑክስ የሚሆነውን ሁሉ በመዝገብ ይይዛል፤ ማን ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ምን ሆነ። እንዴት እንደሚታይ ልጁ በደብተሩ ጽፎ ትቶልኛል። ለሁለታችንም በየስማችን መግቢያ ስለሰጠን፣ ጥፋቱን በገዛ ስሙ አገኝበታለሁ ብዬ ነው።

መዝገቡ እንዲህ ይላል። ዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የልጁ ስም በሥርዓት ተዘግቶ ወጥቷል። ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ ስም ገብቷል። አራት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል መዝገቡ «ደህና እደሩ» ሳይል፣ በአረፍተ ነገር መሐል እንደሞተ ሰው፣ ድንገት ተቋርጧል። ሁለተኛው ስም የእኔ ነው።

ያን ጊዜ ዓርብ ማታ መጣልኝ። አሥራ ምናምን ገጽ ከፍቼ ማሽኑ ድርቅ ሲልብኝ፣ ትንሽ ታገሥኩት፣ ከዚያ ተናድጄ ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀልና መተኛት። ረስቼው ነበር ብላችሁ ግማሹ እውነት ነው። ሌላኛው ግማሽ፣ ጥፋተኛ ፍለጋ የወጣ ሰው ዙሪያውን ሁሉ ሲያይ ራሱን አያይም።

ታክሲ ይዤ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። ልጁ በጓደኛው ስልክ ተጠርቶ በር ላይ መጣ። በአማርኛ ትልቅ ሰው ለትንሽ ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ዓረፍተ ነገር ስንት ዓይነት መሸሸጊያ እንዳለው የማውቀው እኔ ነኝ፤ «ተሳስቶ ሊሆን ይችላል»፣ «ነገሩ አልገባኝም ነበር»፣ «ሰይጣን ነው»። ሁሉም አፌ ላይ መጡ። በመጨረሻ «ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የሰው ቤት ያልኩህም እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ከዚያ «የእማማ ፎቶ አለ?» አለኝ። አያቱ ናት እኮ!

«አለ።»

«እንግዲህ ሲደርቅ አይንቀሉት» አለ፣ አብሮኝ ወደ ታክሲው እየተራመደ። «መጀመሪያ ይታገሡት። ካልሆነ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ በር ይከፍትልዎታል፤ በዚያ ገብተው በሥርዓት ይዝጉት።»

መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ይህን ማሽን የሠሩት ሰዎች እንደሚበላሽ አስቀድመው ተቀብለዋል፤ ስለዚህ መዝገብ አበጁለት፣ የቀድሞውን ከርነል አስቀመጡለት፣ ሌላ በር ተዉለት። መዝገቡ አይቆጣም፣ ጎረቤት ፊት አያዋርድም፤ የሆነውን ብቻ ይጽፋል። እኛ ግን ቢሮ ውስጥ አንድ ፋይል ሲጠፋ ስብሰባ እንጠራለን። ሁሉም ራሱን ለማዳን ይናገራል። ጥፋተኛው ይገኛል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው ይቀራል። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ስህተቱን መደበቅ ይማራል። የእኔ ልጅ ዓርብ ማታ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮስ? ከዚያ ቡና በኋላ እውነቱን ይነግረኝ ነበር?

አሁን ማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር አለ። ቀኑ፣ ምን አለ፣ ምን አደረግን። በየአሥራ አምስት ቀኑ ፋይሎቼን እገለብጣለሁ፤ ፍላሿ ከባለቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከወርቋ ጎን ትቀመጣለች።

ተለወጥኩ ብዬ ግን አልፎክርም። ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ሊጥ ይዛ ምጣዱ አልሞቅ አለ። «ማ...» ብዬ ስጀምር ልጁም እሷም ቀና ብለው አዩኝ። ቃሌን ዋጥኩና «ምን ይላል?» አልኩ።

«ምጣድ ደግሞ ምን ይላል?» አለች ባለቤቴ፣ «ይልቅ ሶኬቱን እይልኝ፤ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል።»